በባሕር ዳር የቀና ሰው

ባል በጎረቤት ጎረምሳ ቢቀና ወግ ነው። በሚስቱ አለቃ ቢቀና፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ስታወራ ቢቆጣ እንኳ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቀዋል። አስቸጋሪው እጅና እግር በሌለው ነገር የሚቀናው ባል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚስቱ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ነፋስ ነው» ስትል ነፋሱን በክፉ ዓይን ያየዋል። «የእናቴ ቤት ውሃ ይቀዘቅዝ ነበር» ካለች በማግሥቱ አዲስ እንስራ አሸክሞ ይገባል። በየሠርጉ ቤት አንድ አለ፤ በየሚኒባሱም መስኮት ዳር አንድ አይጠፋም። የይፋጉን ሣህሉን የሚያህል ግን አልተገኘም። ሣህሉ የቀናው በአንድ ሙሉ ከተማ ነው።

ሣህሉ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ከወረታ አለፍ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ይፋግ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያለው የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ድምፁ ማሽን አሸንፎ መናገር የለመደ ነው፤ ልቡ ግን እንደ መልኩ አይደለም፣ ቶሎ ይከፋዋል። ሚስቱ የሺአረግ አዋላጅ ነርስ ናት። ባሕር ዳር ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ተምራ፣ ስምንት ዓመት የባሕር ዳርን ልጆች ስታዋልድ ከቆየች በኋላ ይፋግ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ሣህሉ እጁን ማሽን አቁስሎት ሄዶ አገኛት። እጁ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ እሱ ግን ቁስሉን ለማሳየት ሁለት ወር ተመላለሰ። ይህ ታሪክ ሲሆን ከተጋቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር።

በቤታቸው ባሕር ዳር የሚለው ስም ሲነሣ የሣህሉ ፊት ይጠቁራል። ለእሱ ባሕር ዳር ከተማ ሳይሆን የሚስቱ የቀድሞ እጮኛ ነው፤ ሐይቅ ዳር ቤት የሠራ፣ ዘንባባ በደጁ የደረደረ፣ ቁመናው እንከን የማይወጣለት እጮኛ። ራሱን የሚከላከልበት አንድ ቃል ነበረው፦ «ይፋግም አለ።» የሺአረግ ስለ ባሕር ዳር ጭማቂ ብታነሣ «ይፋግም አለ» ይላል። ስለ ዓሣው ብታነሣ «ይፋግም አለ።» ስለ ሐይቁ ብታነሣ ደግሞ «ሐይቁ አንድ ነው። እንዲያውም ወደኛ ሲመጣ ነው የሚሰፋው» ይላል። ጎረቤቶቹ «ክቡር አምባሳደር» ብለው ስም አወጡለት። እሱም አልጠላውም።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ግንቦት ነው። አንድ ሐሙስ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሊያስፈለፍል ሩዝ ይዞ መጣና «ሲስተር ልትሄድብን ነው አሉ» አለው።

«ወዴት?»

«ወደ አገሯ ነዋ። ሳትጋቡ በፊት ባሕር ዳር ዝውውር ጠይቃ ኖሮ አሁን ተፈቀደላት። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብለዋታል። አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች» አለ ሣህሉ። አልነገረችውም። ያን ማታ እራት አልበላም፤ ምን ሆነህ ነው ስትለው ሆዴን ነው አላት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። ዓርብ ማታ የተናገረችው ግን ሌላ ነው።

«ነገ ባሕር ዳር እንሂድ። መንገዱም ሰሞኑን ደኅና ነው። ከተጋባን ወዲህ እኮ እኔና አንተ ዝም ብለን ለመዝናናት ወጥተን አናውቅም።»

ሣህሉ ገባው። እጮኛው ቤቱን ሊያሳየው ጠርቶታል። አልሄድም ቢል ፈራ መባል ነው። «እንሂድ» አለ፤ ጠዋትም የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ክቡር አምባሳደሩ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጡ።

ዓባይ ድልድይ ሳይደርሱ ወረዱና በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጡ። ከዚያ ላይ ከተማው ሁሉ ይታያል፤ ሐይቁ በስተግራ እስከ ሰማዩ ጥግ ተዘርግቷል፣ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ከሥር ይጠመዘዛል። የሺአረግ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ በጣቷ ታሳየው ጀመር። ድምፅዋ ተለውጧል፤ ሣህሉ ይህን ድምፅ ይፋግ ላይ ሰምቶት አያውቅም።

«ያውና ሽምብጥ። ከዚያ ወዲህ ነው የተወለድሁበት ቤት። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ከዚህ አይለይም።»

«ያ የዛገው ነው?»

«እሱ መጋዘን ነው።»

«ሁሉም ዝጓልሳ።»

«ዓባይን እየው ሣህሉ። ከሐይቁ ሲወጣ እየው እስቲ።»

ሣህሉ አየው። እውነት ለመናገር ልቡ ደንገጥ አለ። እንዲህ ያለ ወንዝ በደጁ ያለውን እጮኛ ማንም ሴት ልትረሳው እንደማትችል ታየው።

«የኛ ርብ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከገባና ከወጣ ማን ይሻላል? የኛ ወንዝ ይሰጣል፤ የእናንተው ወስዶ ይሄዳል።»

የሺአረግ እስክትደክም ሣቀች። ሣህሉ ግን ለማሣቅ አልነበረም የተናገረው።

አዲሱን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። በመካከሉ ላይ ቆማ፣ «ድልድይም ይፋግ አለ እንዳትለኝ» አለችው።

«ርብ ላይ አለ። አጭር ነው። ያጠረውም ወንዙ ሰው ስለማያስቸግር ነው።»

«ክረምት ክረምት ፎገራን የሚያጥለቀልቀው ታዲያ ማነው?»

«እሱ ሩዙን ሊያጠጣ ነው» አለ ሣህሉ፣ ቅር ብሎት።

ከድልድዩ የሺአረግ እስከምትወደው ጭማቂ ቤት ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። አንድ ባጃጅ ነጂ መንገድ መካከል አቁሞ ወርዶ የሺአረግን ትከሻ ለትከሻ ሳማት። አንዲት ሴት ከሱቋ ሮጣ ወጥታ አንድ አኩራፊ ሕፃን ጎትታ አመጣችና «ይኸው ያንቺ ልጅ፣ ይኸው አስቸገረኝ» አለች። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ባርኔጣውን አነሣላት። ሣህሉ ኋላዋ ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል፤ ሰዎቹ እሱንም ጨበጥ ያደርጉና ወደ እሷ ይመለሳሉ።

«ይኸስ ማነው?» ይላል ራቅ ሲሉ።

«ሚስቱን አዋልጄ ነው።»

«ያኛውስ ጎረምሳ?»

«እናቱን። ታናሹን ስትወልድ።»

«ባለ ባርኔጣውስ? እሱ እንኳ ሚስት የሚያገባ አይመስልም።»

«የልጅ ልጁን ነው» አለች። ከዚያም ቆም ብላ አየችው። «ቀናህ እንዴ?»

«እኔ? በምን እቀናለሁ? ሰላምታ ይፋግም አለ።»

ያቃጠለው ሰላምታው አልነበረም። ከሰላምታው በኋላ ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቋታል፦ «መቼ ነው የምትመለሽው?» የሺአረግም ለሁሉም ፈገግ ትላለች እንጂ አልመለስም አትልም። ሣህሉ ይህችን ጥያቄ ቆጠራት። ጭማቂ ቤት ሲደርሱ አሥራ ሰባት ደርሳ ነበር።

ስፕሪሱ በረጅም ብርጭቆ መጣ፤ አቮካዶው ከሥር፣ ማንጎው ከላይ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ሣህሉ በማንኪያ አንድ ጊዜ ቀመሰ። ሁለተኛ ቀመሰ። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ማንኪያው ሥሩን እየፋቀ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለች የሺአረግ።

«ያበዙታል።»

«ምኑን?»

«ጣዕሙን» አለ፣ አፉን በሶፍት እየጠረገ።

ምሳ ሐይቅ ዳር ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተቀምጠው በሉ። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ከነጭንቅላቱ፣ ዓሣ ለብለብ፣ ዳጣ፣ በጎን ደግሞ አንድ ሰሐን ሩዝ መጣ። ሣህሉ ዓሣውን ትቶ ሩዙን አየ። ሁለት ፍሬ በጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃን አደረገ። ከዚያ አስተናጋጇን ጠራት።

«ይህ ሩዝ ከየት ነው የመጣው?»

«ከወጥ ቤት» አለች ልጅቷ።

«አገሩን ነው ያልሁሽ።»

«ጠይቄ ልምጣ።» ሄዳ ተመለሰች። «ከወረታ ነው አሉ።»

ሣህሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ጠዋት ከሚኒባስ ከወረደ ወዲህ የመጀመሪያው ደስታው ነበር። «ከወረታ ማለት ከኛ ማለት ነው» አላት ለሚስቱ። «ይኸ በማን ማሽን እንዳለፈ አላውቅም፤ ስብራቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥሩ እጅ ነው ያየው። እይ እንግዲህ፤ እዚህም ተቀምጠሽ የምትበይው የኛን ነው።» ሩዙን በላው፤ ሁለተኛ ሰሐንም አዘዘ። የሺአረግ ከዓሣው ሆድ እሾህ የሌለበትን መርጣ ጠቅልላ አጎረሰችውና «ሩዝ ባይኖር ዓሣውም አይጣፍጥም ነበር» አለችው። ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ሣህሉ ባሕር ዳርን ይቅር ሊላት ምንም አልቀረውም።

ነገር ግን ሦስት ሻላዎች በከረጢት ምንቃራቸው እየተጎማለሉ ወደ ዳር መጡ፤ የሺአረግም የዓሣውን ጭንቅላት ወርውራላቸው «አልረሱኝም» አለች። ሣህሉ ሻላዎቹን አያቸው። ወፎቹም ሳይቀሩ።

ከምሳ በኋላ ጀልባ ነበር። ጀልባው የአንዋር ነው፤ የሺአረግ ካደገችበት ቤት ጋር አጥር የሚጋሩት የአያ ዳውድ ልጅ። አያ ዳውድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደንገል ታንኳ፣ ከእንጨት ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዋር ደግሞ ቁመተ ረጅም፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ክንዱ በፀሐይ የበሰለ የሠላሳ ስድስት ዓመት ገደማ ሰው ሆኖ መጣ። ጀልባውን በአንድ እጁ ወደ ዳር እየሳበ ከሩቅ ጮክ ብሎ፣

«የሺዬ» አለ።

ይህች «ዬ» ሣህሉን ወጋችው። እሱ ራሱ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ «የሺ» ብቻ ነው የሚላት። «ዬ» የምትባል ነገር በነጻ ተቀምጣ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አለማንሣቱ ያን ጊዜ ገና ቆጨው።

አንዋር ግን ጨዋነቱ እንከን አልነበረውም። «አያ ሣህሉ፣ እንኳን ደኅና መጡ። እርስዎ እዚህ መካከል ይቀመጡ፤ እዚያ ውሃ ይረጫል» ብሎ ጨርቅ አነጠፈለት። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ደብረ ማርያም ደሴት ወስዷቸው ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው እስኪመለሱ ከዛፍ ሥር ጠበቃቸው። ሲመለሱ ጀልባውን ዓባይ ከሚወጣበት አፍ አጠገብ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከውሃው ላይ ሁለት ጆሮዎችና ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ።

«ጉማሬ» አለ አንዋር በሹክሹክታ። «በእናንተ በኩል ጉማሬ አለ አያ ሣህሉ?»

ሣህሉ ከሚስቱ ዓይን ሸሸ። «ነበረ» አለ። «ሰው ሲበዛበት ሄደ።»

አንዋር ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን ሊያስነሣ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ «የሺዬ፣ ዝውውሩ መጣልሽ አሉ። እማዬ ከሰማች ወዲህ የድሮ ቤታችሁን እያስጠረገች ነው» አላት።

የሺአረግ ወደ ሣህሉ ቶሎ አየችና፣ «እሱን በኋላ እናወራዋለን» አለች።

ሣህሉ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። አንዋር ያውቃል። የአንዋር እናት ታውቃለች። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ያውቃል። ከአጠገባቸው በውሃ ውስጥ የተኛው ጉማሬ ሳይቀር ሰምቷል። የማያውቀው፣ ባወቀም ያልተነገረው፣ ባሏ ብቻ ነው። ጀልባው ዳር ሲነካ ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ ወረደ።

ሰው እንዲህ ሲሆን ወይ ያለቅሳል ወይ ሞኝነት ይሠራል። ሣህሉ ሁለተኛውን መረጠ። በአያ ዳውድ ግቢ ፊት ለፊት አንዲት አዲስ የደንገል ታንኳ ዳሩ ላይ ተንሳፍፋለች፤ ሽማግሌው አጠገቧ ተቀምጠው ገመድ ይፈትላሉ።

«ታንኳ እኔም አውቃለሁ» አለ ሣህሉ ኮቱን እያወለቀ። «በልጅነቴ ጎርፍ ሲመጣ እየቀዘፍሁ ነው ትምህርት ቤት እሄድ የነበረው።»

«ሣህሉ ተው» አለች የሺአረግ።

«አያ ዳውድ፣ ይፈቅዳሉ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው መላ ሰውነቱን አዩት። «ታንኳዋ ችግር የለባትም» አሉ።

መቅዘፊያውን ይዞ ተቀመጠባት። ታንኳዋ ጥቂት ወደ ፊት ሄደች፤ ከዚያ ዞረች። ሣህሉ በሌላ ጎን ቀዘፈ፤ ወደ ሌላ ጎን ዞረች። ሦስተኛ ጊዜ ሊያስተካክላት ብድግ አለ። የደንገል ታንኳ ብድግ የሚልባትን ሰው አትወድም። ክቡር አምባሳደሩ ከነሠርግ ሱሪያቸው ወደ ጣና ገቡ፤ እጅና እግራቸውን እያወራጩ፣ ውሃውን እየደበደቡ፣ ዋና በማያውቅ ሰው ሐሞት ታገሉ።

«ልጄ» አሉ አያ ዳውድ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ቁም።»

ሣህሉ ቆመ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ነበር።

የሺአረግ አፏን በነጠላዋ አፍና መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ቀረች። አንዋር ግን አልሣቀም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ደግፎ አወጣው፣ ወደ ቤት ወስዶም የራሱን ሸሚዝና አረንጓዴ ሽርጥ ሰጠው። ሣህሉ ያን ቀን ከደረሰበት ነገር ሁሉ የከፋው የአንዋር አለመሣቅ ነበር።

ከቤቱ ጓሮ፣ ከሸምበቆው አጥር ኋላ ቆሞ ሱሪውን ይጨምቅ ጀመር። ከአጥሩ ወዲያ ማድ ቤቱ ነው። ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል፤ የአንዋር እናት እማ ዘሊካ ዓሣ እየጠበሱ ነው። ድምፃቸው በሸምበቆው መካከል ጥርት ብሎ ወጣ።

«የሺዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?»

ሣህሉ መጭመቁን አቆመ።

«አላውቅም እማ ዘሊካ» አለች የሺአረግ።

«ምኑ ነው የማይታወቀው? እዚህ አገርሽ ነው። ሰው ሁሉ ይወድሻል። ይፋግ ምን አለ?»

ዘይቱ ብቻ ይንጫጫል። ሣህሉ ሱሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ውሃው በሽርጡ ላይ እየወረደ፣ ትንፋሹን ያዘ። «ይፋግም አለ» ለዚህ ጥያቄ አይሆንም ነበር።

«እዚህ ብመጣ አሥራ አንደኛዋ አዋላጅ እሆናለሁ» አለች። «እዚያ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሣህሉ ማሽኑን አቁሞ ጄኔሬተሩን በጋሪ ጭኖ ያመጣልኛል። ማንም አላዘዘውም። አዋልጄ እስክጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሲሰማ እሱም ያለቅሳል፤ ሲያዩት ገለባ ዓይኔ ገብቶ ነው ይላል።»

እማ ዘሊካ ዓሣውን ገለበጡ። «ታዲያ ስለ ዝውውሩ ለምን አልነገርሽውም?»

«ያውቃል። ዘበኛው ነግሮታል። ሐሙስ እራቱን ሳይበላ ነው ያደረው። እንዲጠይቀኝ ጠበቅሁት፤ አልጠየቀኝም። ሁሉ ነገር ይፋግ አለ ይለኛል እንጂ አንድ ቀን አትሂጂብኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔ እኮ ዛሬ ከተማውን ላሳየው አይደለም ያመጣሁት። ከቀና ምናልባት አፉን ይከፍታል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ቀና?»

«ከጠዋት ጀምሮ በወንዙም በወፉም ሲቀና ውሏል። አፉን ግን አልከፈተም።»

«ባይከፍትስ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያልፈለገኝ ቤት ውስጥ እንዴት እቀመጣለሁ?»

ሣህሉ ከአጥሩ ኋላ ብዙ ቆመ። ሱሪውን ካሰጣው በኋላ እንደገና አወረደው፣ እንደገና ጨመቀው፣ እንደገና አሰጣው። ቅናቱ የት እንደሄደ አላወቀም፤ በምትኩ ፍርሃት ነበር የቀረው። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከተማን የሚያህል ባላጋራ ሲታገል ኖሮ፣ እሷ ከእሱ ስትጠብቅ የኖረችው አንዲት ቃል ነበረች።

ሲገባ ገበታው ቀርቧል። የአንዋር ሚስት ፈይዛ አንድ ሕፃን ታቅፋ፣ ሁለት ልጆች ከኋላዋ አስከትላ መጥታ ነበር፤ ሁለቱን ትልልቆቹን ስትወልድ ያዋለደቻት የሺአረግ ናት። እማ ዘሊካ የተጠበሰውን ዓሣ በትልቅ ትሪ አስቀምጠው፣ «ሥጋችን ያለያየናል ልጄ፤ ዓሣ ግን ያገናኘናል። ሚስትህ በዚህ ገበታ ነው ያደገች። ብላ» አሉት። ሣህሉ በአረንጓዴ ሽርጥ ተቀምጦ በላ። ሊናገር ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። አንዴ ዓሣ ገባበት፤ አንዴ ሕፃኑ አለቀሰ፤ በሦስተኛው የወጣለት «ዓሣው ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም» የሚል ነበር። የሺአረግ ቀና ብላ አየችው። ሣህሉ ለባሕር ዳር አንድ ነገር ሲለቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ሱሪው አልደረቀም። አንዋር «ሽርጡን ይዘው ይሂዱ፤ ሌላ ጊዜ ይመልሱታል» አለው። አሥር ሰዓት ሲሆን ሣህሉ ከላይ የሠርግ ኮት፣ ከታች ሽርጥ ለብሶ፣ እርጥብ ሱሪውን በፌስታል አንጠልጥሎ መናኸሪያ ገባ። በሚኒባሱ ኋለኛ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ ሰው ጎድሎ መኪናው ሞተሩን እያንጫጫ ይጠብቃል። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ከቄሱ አጠገብ ቅርጫት ያቀፈች አንዲት የይፋግ ነጋዴ ተቀምጠዋል።

የሺአረግ በመስኮት የመንገዱን ዘንባባዎች ታያለች። ሣህሉ እሷን ያያል።

«የሺዬ» አለ።

ዞር አለች። «ምን አልህ?»

«ምንም።» ፌስታሉን ከጉልበቱ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ጉልበቱ አደረገ። «ዝውውሩን ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ሐሙስ ነው የሰማሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ሣህሉ የሆነ ነገር አንሾካሾከ።

«አልሰማሁህም፤ ሞተሩ ይጮኻል» አለች። ዓይኖቿ ግን ሰምተው ነበር፤ ቢሆንም አልራራችለትም። «ምን አልኸኝ?»

«አትሂጂብኝ» አለ ሣህሉ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋ። ማሽን አሸንፎ መናገር የለመደ ድምፅ ጸጥ ባለው መኪና ውስጥ ሞላ። አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማቆም አልቻለም። «ይፋግ ሐይቅም ቢኖር ጭማቂም ቢኖር ለእኔ ምንም አይደለም። ስትሄጂ ምንም የለም። ባሕር ዳር ታምራለች፤ አየሁ፤ ከኛ ትበልጣለች። ግን አትሂጂብኝ። ካልሆነም ማሽኔን ነቅዬ ተከትዬሽ እመጣለሁ።»

ነጋዴዋ ቅርጫቷን አቅፋ ዞረች። «ይፋግ እንዴት ምንም የለም ይባላል?» አለች፣ ተከፍታ።

ቄሱም በዝግታ ዞሩ። ሽርጡን አዩ፣ ኮቱን አዩ፣ ከዚያ የሺአረግን አዩ። «ልጄ» አሉ፣ «እሺ በይው፤ ወይም እምቢ በይው። እኛ ግን ሳይመሽ ወረታ መድረስ አለብን።»

የሺአረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች ሣህሉ ሊለይ አልቻለም። ኋላ ስትነግረው ሁለቱም ነበር።

«እሺ» አለች ከነጠላው ሥር። «ግን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ታመጣኛለህ። የሚያናድድህንም ነገር በአፍህ ትነግረኛለህ፤ በወንዝና በድልድይ አትነግረኝም።»

«እሺ።»

«ታንኳ ላይም አትወጣም።»

«አልወጣም» አለ ሣህሉ።

ሰኞ ጠዋት የሺአረግ ደብዳቤዋን ጻፈች፤ ይፋግ እንደምትቆይ አስታወቀች። ቃል ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሣህሉ መፈልፈያውን ዘግቶ ሚስቱን ይዞ ይሄዳል። ቅናቱ ለቀቀው እንዳልል የይፋግ ሰዎች ይታዘቡኛል። እንዲህ ያለው ሰው ቅናቱ አይለቀውም፤ እኛም ብንስቅበት፣ በሩ ላይ ጄኔሬተር ይዞ የሚቆምልን ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ባለፈው ሰሞን ከጎንደር የመጣ አንድ ነጋዴ ሩዝ ሊጭን መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጋዴው ወሬ ሲያልቅበት፣ «ባሕር ዳር ደግሞ ምን አላት? ሙቀትና ትንኝ ነው» አለ።

ሣህሉ ማሽኑን አጠፋ። እጁን ከገለባው አራግፎ ከነጋዴው ፊት ለፊት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ከቤዛዊት ጀመረ። ዓባይ ከሐይቁ እንዴት እንደሚወጣ፣ ዘንባባው ጠዋትና ማታ እንዴት እንደሚለያይ፣ የትኛው ቤት ስፕሪስ ላይ ሎሚ እንደማይሰስት፣ የጣና ቆሮሶ በማን እጅ ሲጠበስ እንደሚጣፍጥ፣ አንድ በአንድ ነገረው። ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ሰሙ። ነጋዴው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲሰማ ቆየ።

በመጨረሻ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አላወቅሁም» አለው። «ባሕር ዳር ነው የተወለድኸው?»

«አይደለም» አለ ሣህሉ፣ ማሽኑን ሊያስነሣ ብድግ እያለ። «በጋብቻ ነው።»